የእማዬ ዳሌና የ36 ሚሊ ሜትሩ ኳስ

እማዬን ባሕር ዳር አንድ የግል ሆስፒታል ዳሌዋን አስቀየርናት። ስሙን ልተወው። ቀዶ ሐኪሙ ግን ጎበዝ ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳን። በጭኑ አጥንት ጫፍ ምትክ የሚተከለው ኳስ 28፣ 32 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ኳሱ ሲተልቅ ከሚገጥምበት የዳሌ ጎድጓዳ ለመውጣት ረዘም ያለ መንገድ መሄድ ስላለበት የመውለቅ ዕድሉ ይቀንሳል። "በቃ ትልቁን አድርጉላት!" አልኩ። ሳቀብኝ። ኳሱ በተለቀ ቁጥር ጎድጓዳው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ይሳሳል፣ ደግሞም ጎድጓዳው ተጣሞ ከተተከለ ትልቅ ኳስ ብቻውን አያድንም። ለእማዬ 36ቱ ልክ ሆነ።

ያናደደኝ የኋላው ነው። ሲያስወጧት አንድ ወረቀት ሰጥተው ሸኙን፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ዳሌዋን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳታጥፍ ይላል። ቡና ስታፈላ ዱካ ላይ እንዳትቀመጥ ግን ማን ነገራት? መውለቅ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው እኮ! በሦስተኛው ቀን ረከቦቱ አጠገብ ልትቀመጥ ዝቅ ስትል ደርሼ ያዝኳት፣ ልቤ ቀጥ አለ። ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ መግባቱም ስላስፈራን ለቀጠሮ መኪና ተከራየን።

አሁን በክራንች ጣና ዳር ድረስ ትሄዳለች። ለሐኪሙ 5 ከ5፣ በሽተኛ ለሚሸኙት 2።