ሐዋሳ ላይ ካትሌያ የምትገዙ፣ መጀመሪያ አፈሩን እዩ

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ውስጥ ከአንድ ችግኝ መሸጫ ካትሌያ ኦርኪድ ገዛሁ። 2,500 ብር። ውድ ነው፣ ግን ያን የመዳፍ ያህል ሐምራዊ አበባ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ተክሉ ጤነኛ ነበር፣ ይህን አልክድም። ቅጠሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ ስለሆነ በቂ ብርሃን ሲያገኝ እንደቆየ ያስታውቃል። ችግሩ የተተከለበት ነው። ልክ እንደ ጽጌረዳ ጥቁር አፈር ውስጥ ቀብረውታል። «በየሁለት ቀኑ አጠጪው» አሉኝ፣ አጠጣሁ። በሦስተኛው ወር ግንዱ መጨማደድ ጀመረ። ውሃ አነሰው ብዬ ጨመርኩለት፣ ባሰበት።

ካትሌያ እኮ በአገሩ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ሥሩን የሸፈነው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር ዝናቡን ይመጥና ወዲያው ነፋስ ያደርቀዋል። አፈር ውስጥ ሲታፈን ግን ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ስለማይስብ ተክሉ የተጠማ ይመስላል። እኔን ያሳሳተኝ ይሄው ነው።

አወጣሁት። ግማሹ ሥር ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይላጣል። ምላጩን በእሳት አቃጥዬ የሞተውን ቆረጥኩ (ይህን አትዝለሉ፣ ቫይረስ በመቁረጫ ይተላለፋል)። ከሰል ሰባብሬ፣ ብሎኬት ከሚሠሩ ልጆች ካመጣሁት ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጋር አጥቤ ቀላቀልኩና ብዙ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማሰሮ ተከልኩት። አሮጌው ግንድ ወደ ጠርዙ ይጠጋ፣ አዲሱ ቡቃያ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ጤነኛ ቢሆን አዲስ ሥር ብቅ እስኪል እጠብቅ ነበር፣ የበሰበሰ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ጎረቤቴ «ቆርሰሽ ስጪኝ» ብላ ለምናኝ ነበር። እምቢ አልኳት፣ አዘንኩም። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ 3 ወይም 4 ግንድ ካልያዘ ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል።

አሁን የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ነው፣ የማጠጣውም ሲደርቅ ብቻ። ቀኑ ሞቅ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚለው የሐዋሳ አየር ተስማምቶታል።

ሄጄ ለሻጮቹ ነገርኳቸው። በትህትና ሰሙኝ፣ ግን ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ሁሉም ኦርኪዶች እዚያው ጥቁር አፈር ውስጥ ናቸው። ተክላቸው ጥሩ ነው፣ ግዙ። በዚያው ሳምንት ግን አውጥታችሁ ሥሩን እዩት። የኔው ጫፋቸው አረንጓዴ የሆነ ሁለት አዲስ ሥሮች አውጥቷል።