ዊ ስፖርትስ ወይስ ዊ ስፖርትስ ሪዞርት?
ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ የተባለውን የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ለገበያ ሲያቀርብ አብሮት የወጣው ዊ ስፖርትስ የተባለው ጌም አምስት ስፖርቶችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ በ2009 የተከተለው ሪዞርት ቁጥሩን ወደ 12 አሳድጎታል። ዋናው ልዩነት ግን ያለው በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። በመጀመሪያው ጌም፣ ቴኒስ ለመጫወት መነሣት እንኳ አያስፈልግም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የእጅ አንጓን ሰበቅ ማድረግ ኳሷን ለመመለስ ይበቃል (እኔም ብዙ ጊዜ ያሸነፍሁት እንዲሁ ነው)። ሪዞርት የሚጠይቀው ሞሽን ፕላስ (በመቆጣጠሪያው ላይ የሚገጠም ተጨማሪ መሣሪያ) ግን መዞርን የሚለካ ጋይሮስኮፕ ስላለው የእጅን መዞር ጭምር ይከታተላል፤ በሰይፍ ፍልሚያው ተጋጣሚ ሰይፉን አግድም ይዞ ሲከላከል ከላይ የሚሰነዘር ምት ስለሚመከት፣ ከጎን መምታት ግድ ይላል። ቀስቱም እጅ ከተንቀጠቀጠ ዒላማውን ይስታል። ስለዚህ ሪዞርትን አስበልጣለሁ፤ ቦክስ ወዳድ ግን እዚያ ቦክስ ስለማያገኝ በቀድሞው ቢቆይ ይሻለዋል።