ቸርኬው ሲዝግ ከላይ አታስቀቡት

ካቻምና መጋቢት የካምሪዬን ቸርኬ ሳጥብ ክሊሩ (ከላይ የሚነፋው ቀለም አልባ መከላከያ) ሥር ነጭ መስመር አየሁ፣ ትል የሄደበት ይመስላል። ቆሻሻ መስሎኝ ብፈትገው አልለቅ አለ። ለካ ዝገት ነው። ቸርኬው አሉሚኒየም ነው፣ ሲዝግ እንደ ብረት አይቀላም፣ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው ክሊሩ በተጫረበት ይገባና ከሥር ከሥሩ እየበላ ይሄዳል። ፊታቸው በማሽን ተልጎ የሚያብረቀርቁት ደግሞ ይብስባቸዋል፣ እዚያ ላይ ከክሊሩ ሥር ቀለም የለማ!

ርካሽ ነው ተብዬ መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት የተላጠውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ክሊር ነፉበት። በአንዱ 60 ዶላር። ስረከብ አዲስ መስሎ ስለነበር ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ፎቶ ላኩላት። አራት ወር አልቆየም፣ ከጥገናው ጠርዝ ጀምሮ እንደገና ተነሳ። ይባስ ብሎ የኋላ ግራው ጎማ በየሳምንቱ ነፋስ ይቀንስ ጀመር። ሁለት ጊዜ አስፈተሽኩት፣ ሚስማር የለም። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ዝጎ ኖሯል፣ ነፋሱ የሚያፈተልከው በዚያ ነበር።

በመስከረም አንድ ጓደኛዬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቸርኬ ብቻ የሚሠራ የሐበሻ ቤት ጠቆመኝ። ባለቤቱ ጎማውን አውልቆ ውስጡን አሳየኝና «ወንድሜ፣ ይሄን ሳላነሳ ከላይ ብቀባልህ ገንዘብህን በላሁ ማለት ነው» አለኝ። እዚያው ወደድኩት። የድሮውን ቀለም በኬሚካል ሙልጭ አድርገው አነሱ፣ ዝገቱን በአሸዋ ነፍተው አጸዱ፣ የጎማውን መቀመጫ ጠርዝ አስተካከሉ። ከዚያ የዱቄት ቀለም ነፍተው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ጋገሩት። ጎማው ውስጥ ያሉትን የነፋስ መለኪያ ሴንሰሮች ቀድመው አውጥተዋል፣ ይህን የትም ብትሄዱ ጠይቁ፣ ምድጃ ከገቡ አለቀላቸው።

በአንዱ 150፣ ለአራቱ 600 ዶላር ከፈልኩ። ቅሬታዬ ሦስት ቀን መፍጀቱ ነው። በመኪናዬ ነው የምሠራው፣ ተለዋጭ ቸርኬ የላቸውምና ሦስት ቀን ቤት ዋልኩ። የድሮው የማሽን ብልጭታም ቀርቷል፣ አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ብርማ ነው። ብልጭታውን ለመመለስ ፊቱን እንደገና በቶርኖ መላግ ያስፈልጋል፣ በተላገ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ይሳሳል። እኔ ይቅርብኝ አልኩ።

አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት አልፎበታል። አንድም መስመር የለም፣ የጎማው ነፋስም 35 PSI ላይ ቆሟል። አሁን የማጥበው በተራ የመኪና ሻምፑ ነው፣ አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጠቢያ ክሊሩን ስለሚጎዳ ትቼዋለሁ። ባላንስ ስታስደርጉም ክብደቱን ጠርዙ ላይ ከሚነክሰው ይልቅ ከውስጥ የሚለጠፈውን በሏቸው፣ መንከሻው ቀለሙን ይጭረዋል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ግን ኅዳር ሳይገባ ቀጠሮ ያዙ፣ በረዶ ሲቃረብ ወረፋው አይቻልም።