ደሴ ላይ የተማሪ ማረፊያ የምትፈልጉ፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር እየተመላለሳችሁ ደሴ የምትማሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ምሰሶ ላይ የምትለጠፈዋን ወረቀት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። «የሴት ተማሪዎች ማረፊያ፣ ውሃ 24 ሰዓት፣ ዋይፋይ፣ ጥበቃ ያለው»። ሥሯ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ስትደውሉ «አንድ አልጋ ብቻ ነው የቀረን፣ ዛሬ ካልያዝሽ ነገ የለም» ትባላላችሁ። ሁሌም የሚቀራቸው አንድ አልጋ ነው።

ዛሬ በዚህ ተበላን። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ዶርም ይመደብለታል። ወጪ መጋራት ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው፣ ዶርሙን ትተው ከቤታቸው የሚመላለሱ የከተማ ልጆች አሉ። ነን ካፌ ሆነው የምግባቸውን ብር ይወስዳሉ። እነሱ ምርጫ አላቸው። እኔ የምማርበት የግል ኮሌጅ ግን ዶርም የሚባል ነገር የለውም። ወይ ከኮምቦልቻ ጠዋት ማታ የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ነው፣ ወይ ደሴ መከራየት።

ሐረጎን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሰሙት ቅርብ ነው። ግን ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ደሴ ከ2,400 በላይ። ያ ሁሉ ዳገት በጥምዝምዝ ነው የሚወጣው። ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ፊቱን አያይም። አንድ ተሳቢ ኩርባው ላይ ከተበላሸ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ማታ ደግሞ የመናኸሪያው ግፊያ አለ። ቤት ስደርስ ደብተር የምገልጥበት ዓይን የለኝም። እናቴ ይህን እያየች አላስቻላትም። ዕቁቧ ሲወጣላት ለቤት ያሰበችውን ሁሉ ትታ «ልጄ መንገድ ላይ አትለቅ» ብላ ሰጠችኝ። በወር 2,000 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ፣ 6,000 ብር በቴሌብር።

ከመክፈላችን በፊት ክፍሉን አይተናል። ይህን ያዙልኝ። ከአባቴ ጋር ሄደን ቢሮ የሚቀመጠው ልጅ ራሱ ላይኛው ፎቅ አስገብቶ አሳየን። ሁለት አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የጦሳ ተራራ ወለል ብሎ የሚታይበት ሰፊ መስኮት። አባቴ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃውን አየ፣ የበሩን ቁልፍ አዟዙሮ ሞከረ። ስንወርድ ከደረጃው ሥር የቆርቆሮ በር አየን። አባቴ «ይሄስ?» አለው። «ዕቃ ቤት ነው» አለ ልጁ።

ዛሬ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ እናቴ የሠራችልኝን በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘን ደረስን። ፍራሹን ከመናኸሪያ ጀምሮ በትከሻው የተሸከመው አባቴ ነው። ላይኛውን ደረጃ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ «አንተ፣ ወዴት ነው? በታች ነው!» አለው። ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው አባቴ። ሰፈር ውስጥ ትልልቅ ሰዎች እንኳ «እርስዎ» የሚሉት ሰው ነው። አባቴ ዝም ብሎ እግሩን መለሰ።

ከዚያ ያ የቆርቆሮ በር ተከፈተ። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ለስድስት ሴት። መስኮት የለውም፣ ከበሩ በላይ ጡብ የምታህል ቀዳዳ ብቻ። የደሴ ቤት ዳገት ተቆርጦ ስለሚሠራ የኋላው ግድግዳ አፈር ላይ ያረፈ ነው። በእጄ ስነካው መዳፌ ረጠበ። በደሴ ብርድ እዚያ ውስጥ መተኛት ምን እንደሆነ አስቡት። አንዲት ልጅ ጃኬቷን ለብሳ በጠራራ ፀሐይ በስልክ መብራት ታነባለች።

«ያየነው ክፍልስ?» አልኩት።

«እሱ ማሳያ ነው፣ አይከራይም።» ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

አባቴ ድምፁን ሳያሰማ «ልጄ፣ እኛ የከፈልነው ላየነው ነው» አለው።

«ማን እሱ ውስጥ ትገባለች አለህ? ለአልጋ ነው የከፈልከው፣ አልጋው ይኸውልህ።»

ብሩን መልሱልን አልን። «የገባ ብር አይወጣም» አለ። የቤት ኪራዩን አዋጅ አነሳሁበት፣ ቁጥር 1320/2016ን። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ያፍራል ብዬ ነው። ሳቀብኝ። «እኛ ቤት አናከራይም፣ አልጋ ነው የምናከራየው። ሂጂ ክሰሺ» አለኝ።

እኛ ፊቱ እንደቆምን ስልኩ ጮኸ። አነሳና «አዎ እህቴ፣ አንድ አልጋ ብቻ ነው የቀረን፣ ቶሎ ላኪ» አለ። ወላሂ፣ እያየሁት የእኔኑ አልጋ ነው የሸጠው።

ስንወጣ ያቺ ጃኬት የለበሰችው ልጅ በር ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እኛንም ላይኛውን ነው ያሳዩን» አለችኝ በሹክሹክታ። ከደላንታ ነው የመጣችው። እኔ ቢከፋም ማታ ቤቴ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ አለ። እሷ ወዴት ትሂድ? ሰዎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከሩቅ የመጣችው መመለሻ የላትም፣ ከቅርብ የምትመላለሰው መንገዱ አሰልችቷት ያገኘችውን ትይዛለች። ብራቸውን የሚያገኙት በድካማችን ነው፤ የተናደድኩትም በዚህ ነው።

ልትከራዩ ከሆነ የምትተኙበትን አልጋ ራሱን እዩ፣ የተዘጋ በር ካለ አስከፍቱ። ውስጥ የሚኖሩትን ልጆች ለብቻቸው አናግሩ። የክፍሉ ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍ። የሦስት ወር አምጡ ካሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

የቤቱን ስም ያልጻፍኩት አባቴ ሽማግሌ ይዞ ብሩን ሊጠይቅ ስለሚመለስ ነው። እስከዚያ ደሴ ላይ ለማረፊያ ብር ልትልኩ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያ ቤት መሆን አለመሆኑን እነግራችኋለሁ።