ሲስተም እየቆመ ላስቸገራችሁ ሁሉ፦ ይህችን ባለሙያ ጥሯት

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ፋርማሲ፣ ሱቅ ወይም መጋዘን ኖሯችሁ ካሸሮቻችሁን ከአንድ ሰርቨር ጋር ያገናኛችሁ፣ ይችን አንብቡልኝ።

የፋርማሲያችን ቅርንጫፎች በሙሉ የሚሸጡት ዋናው ቢሮ ባለው ሰርቨር በኩል ነው። ጠዋት ደህና ይሠራና ከሰዓት በኋላ አልገናኝም ይላል። በሽተኛ አስተኝቶ የመጣ ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ሰርቨሩን አጥፍተን ስናበራው ይመለሳል፣ በማግስቱ ያው ነው። የጠራናቸው ባለሙያዎች አንዱ መስመሩን ይወቅሳል፣ ሌላው አዲስ ሰርቨር ግዙ ይላል።

ይህች ባለሙያ እህታችን ግን ገና ከመግባቷ "እባካችሁ እንዳታጠፉት" አለች። ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ነው፤ ግንኙነቶችን የሚዘረዝረውን "ኤስኤስ" (ss) የሚባል ትእዛዝ ስትጽፍ ረጅም ዝርዝር ወረደ፣ አብዛኛው "ክሎዝ ዌይት" (መዘጋት የሚጠብቅ) ይላል። ካሸሯን "እስቲ አንድ ሽያጭ ጀምሪና ሰርዢው" አለቻት። ሲሰረዝ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። ደግማ አሰረዘቻት፣ ሌላ ተጨመረ። ሽያጩ ሲጠናቀቅ ግን ምንም የሚጨመር የለም። ችግሩን በዓይናችን አየነው!

እንዳስረዳችን ኮምፒውተሮች በሚገናኙበት ቲሲፒ በሚባለው ደንብ ግንኙነቱን ሁለቱም ወገን በየበኩሉ መዝጋት አለበት። የካሸሯ ኮምፒውተር ፊን የሚባል የመዝጊያ መልእክት ልኮ "ጨርሻለሁ" ይላል፣ ሊኑክሱም ወዲያው መስማቱን ያረጋግጣል። ፕሮግራሙ በራሱ በኩል ካልዘጋ ግን ግንኙነቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዝርዝሩ ላይ "ታይም ዌይት" የሚለው (ተዘግቶ ለጥቂት ጊዜ የሚቆየው) አያሳስብም፣ ሊኑክስ ላይ በ60 ሰከንድ በራሱ ይጠፋል። ክሎዝ ዌይት ግን የጊዜ ገደብ የለውም። የእኛ ፕሮግራም ሽያጭ ሲሰረዝ መዝጋቱን ይዘለዋል፤ እየተጠራቀመ የተፈቀደለት 1024 ቦታ ሲሞላ አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቆማል። ገደቡን ከፍ እናድርገው ወይ ስንላት፣ "ከሰዓት የሚቆመው ማታ ይቆማል እንጂ አይድንም" አለችን።

ያየችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችን። "የኔትወርክ ችግር ነው" ሲሉን የነበሩት የሶፍትዌሩ ሰዎች ወረቀቱን ሲያዩ አስተካከሉት። አሁን ሰርቨሩን ማጥፋት ማብራት ቀርቷል።

የጠየቀችን የምርመራ ዋጋ ብቻ ነው፣ ምንም ዕቃ ግዙ አላለችም። ለአይቲ ልጃችን ደግሞ አጠገቧ አስቀምጣ ትእዛዙን አስተምራው ሄደች። እንዲህ ያለ ባለሙያ ብርቅ ነው። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክበሪልኝ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ስትጠሯት ግን ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አትጠብቋት፣ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።