ለወጥ የሚሆን ድስት ለሚገዙ፦ ሸክላ፣ አሉሚኒየም፣ ቴፍሎን፣ ስቴንለስ ወይስ ከባድ ብረት?

የወጥ ድስት ጥሩነት የሚለየው በቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው በደረቁ በሚቁላላበት ጊዜ ድስቱ ሙቀቱን እኩል ካላዳረሰ፣ መሃል ላይ ያለው ሲያርር ዳር ላይ ያለው ጥሬውን ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባው በርበሬም ሆነ በመጨረሻ የሚነሰነሰው መከለሻ የማረሩን ሽታ አይሸፍነውም። ስለዚህ አምስት ዓይነት ድስቶችን፣ ግማሾቹን ከራሴ ጓዳ፣ ግማሾቹን ከጎረቤት ተውሼ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በየተራ ጥጄ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ሰጠኋቸው። ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው የአክስቴ ትዝብት አልገታኝም፤ ቁሌቱም በፍሪዘር ተቀምጦ አንድ ወር ሙሉ ወጥ ሆኖልኛል።

ወደ ድስቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ምግብ ዝግጅት መጻሕፍት ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ድስት የሚመርጠው መጽሐፍ ውስጥ ያየውን ሥዕል አስቦ ነውና። በመደርደሪያዬ ላይ ካሉት ውስጥ በውጭ ቋንቋ ስለ እኛ ምግብ የተጻፉት አብዛኞቹ ወጡን የሚጀምሩት ዘይት በማጋል ነው፤ በዚህ መንገድ ከሄዱ ማንኛውም ድስት ያዋጣል፣ ምክንያቱም ዘይቱ የድስቱን ጉድለት ይሸፍናል። በአማርኛ የተዘጋጁት ደግሞ ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት እንደሚገባ በትክክል ይናገራሉ፤ ነገር ግን «በደንብ እስኪበስል» እና «ውሃ ጠብ እያደረጉ» ብለው ያልፋሉ እንጂ ምን ዓይነት ድስት፣ በምን ያህል እሳት፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን እናትዎን አጠገብ ቆመው እንዳዩ አድርገው ይተዉታል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ለግራም ልካቸው፣ ሁለተኛዎቹን ለአሠራራቸው እወዳቸዋለሁ፤ ስለ ድስት ምርጫ ግን ሁለቱም አልረዱኝም።

የውጭዎቹን መጻሕፍት የሰዓት ልክ በተመለከተ ሌላም ማሳሰቢያ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ውሃ ነው፤ ከግማሽ ኪሎው ውስጥ 450 ግራም ገደማው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ከዚያ ሙቀት ብዙም አይዘልም፣ ቡናማ ቀለምና ጣፋጭ ሽታ የሚሰጠው ለውጥ ደግሞ በፍጥነት የሚሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ከዚህ የሚከተለው ለገዢ ትልቅ ነገር ነው፦ ድስቱ ከምንም ይሠራ ከምን፣ አፉ ሰፊ መሆን አለበት። ረጅምና ጠባብ ድስት ለሾርባ ያምራል፤ ቁሌት ውስጡ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም።

ከሸክላ ልጀምር፤ ልቤ የሚያደላው ወደዚያ ስለሆነ። ሸክላ ሙቀትን ከብረታ ብረት ሁሉ በዘገየ መንገድ ያስተላልፋል፤ ቶሎ አይግልም፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ተጋቢኖ ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ ሲቀርብ እየተንተከተከ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በከሰል ላይ የተጣደ ሸክላ ድስት ሙቀቱን ከታችም ከጎንም ስለሚቀበል ቁሌትን ሳያሳርር በርጋታ ያደርሳል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ፦ የለመድነው ሸክላ ድስት መቀመጫው ክብ ነው፣ በሦስት ጉልቻ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ስለተሠራ፤ ጠፍጣፋው ምድጃ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ግማሽ ኪሎው ሽንኩርት ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ፤ ያም ሆኖ ጣዕሙ ከአምስቱ ሁለተኛ ነበር። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚያበስል ሰው ሸክላ ሲገዛ መቀመጫው የተደለደለውን ይጠይቅ። ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቿ የታወቀች ሰፈር ናት፤ እኔም የገዛሁት ከዚያው ነው። ሻጯ እናት ድስቱን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በጣታቸው መገጣጠሚያ ቆረቆሩትና «ስማው ልጄ» አሉኝ። ጠርቶ ከጮኸ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት።

አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ አይወጣም። አጥቦ በደንብ ካደረቁ በኋላ ውስጡን በተፈጨ ጎመን ዘር ወይም በዘይት ቀብቶ በዝግታ ማጋል፣ ማቀዝቀዝ፣ ደግሞም መድገም ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ድስቱን ያፈነዳዋል፤ ቁሌቱ ላይ ጠብ የሚደረገው ውሃም ለብ ያለ ይሁን። ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ ግን ሌላ ነው። ሸክላ ቅባት ይጠጣል። በፍስክ ቀን ዶሮ የተሠራበት ሸክላ በማግሥቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ለምስር ወጥ አይሆንም፤ በውሃ ቢታጠብ እንኳ የቅቤው ጠረን ሲሞቅ ይመለሳል። በጾም የሚጠነቀቅ ቤተሰብ አንድ የጾም፣ አንድ የፍስክ ብሎ ሁለት ሸክላ መግዛት አለበት፤ ዋጋውን ሲያነጻጽሩ ይህን በሁለት አባዝተው ይቁጠሩት። ሳሙናንም እንደዚሁ ስለሚጠጣ በሙቅ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ይታጠባል።

አሉሚኒየም በአብዛኛው ቤት ያለው፣ በዋጋም የሚቀለው ነው። በነገራችን ላይ በእኛ አነጋገር «ብረት ድስት» ሲባል ከሸክላ የተለየው ሁሉ ማለት ስለሆነ፣ ሱቅ ገብተው በዚህ ስም ቢጠይቁ የሚሰጥዎት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከስቴንለስ ስቲል ከ10 እጥፍ በላይ፣ ከብረት ደግሞ ከሦስት እጥፍ ያላነሰ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ወፍራም ከሆነ ይህ ታላቅ በጎነት ነው። ስስ ከሆነ ግን የምድጃው ጥምዝ ሽቦ ቅርጽ ሳይቀር ሽንኩርቱ ላይ ይታተማል። የእኔው ስስ ነበር፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ውሃ ጠብ ማድረግ ግድ ሆነብኝ፣ ጨርሶም አንድ ጥግ አረረ። ሲገዙ የመቀመጫውን መሃል በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ከተለመጠ ይመልሱት። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ምግብ አሉሚኒየም ውስጥ ማደር የለበትም፣ ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ስለሚበላው ጣዕሙ ይለወጣል። ከወዳደቀ ብረታ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶችን በተመለከተ፣ በካሜሩን የተደረገ ጥናት ከእንዲህ ዓይነቶቹ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል፤ በዚህ ምክንያት እኔ በየዕለቱ ለሚበላ ወጥ ምንጩ የማይታወቅ ቅልጥ ድስት አልገዛም፣ ርካሽነቱም አያባብለኝም።

ስለ ቴፍሎን ብዙ የምለው የለም። እንቁላል ለመጥበስ ወደር የለውም። ቁሌት ላይ ግን የሚመሰገንበት ነገር ራሱ ጉድለቱ ነው፦ ምንም ስለማይይዝ፣ መቀመጫው ላይ ቡናማ ሆኖ ተጣብቆ በውሃ ጠብታ ተመልሶ ወደ ሽንኩርቱ የሚገባው ንብርብር አይፈጠርም፤ የወጡ ቀለም የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ነው። የቴፍሎኑ ቁሌት በ30 ደቂቃ አልቆ ሲታይ ከአምስቱ እጅግ የነጣው ነበር። ከ260 ዲግሪ በላይ መጋልም የለበትም፤ ባዶውን ከፍተኛ እሳት ላይ የተረሳ ድስት እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። ከእንጨት በተሠራ ማማሰያ ሳይሆን በብረት ጭልፋ የሚያማስል ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ስቴንለስ ስቲል ለብቻው መጥፎ የሙቀት አስተላላፊ ነው፤ ስስ የስቴንለስ ድስት ከስስ አሉሚኒየም የባሰ ያሳርራል። ገንዘብ የሚገባው በመቀመጫው ውስጥ ወፍራም የአሉሚኒየም ንብርብር ታሽጎ የተሠራው ነው። ይህን በማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ በእጅና በዓይን መለየት ይቻላል፦ ድስቱን ገልብጠው ከጎን ሲያዩት መቀመጫው ላይ እንደ ሳህን የተለጠፈው ክብ ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ በጣት ሲቆረቆር ደግሞ፣ ከሸክላው በተቃራኒ፣ የሚጮኸው ስሱ ነው፣ ታፍኖ የሚመልሰው ወፍራሙ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ድስት ቁሌቴ በ35 ደቂቃ፣ አራት ጊዜ ብቻ ውሃ ጠብ ተደርጎለት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ጣዕሙም ከሁሉ ቀደመ። ቅቤም ሆነ ዘይት አይጠጣም፣ የጾምና የፍስክ ሥራውን በሚገባ ካጠቡት አንዱ ድስት ይችለዋል፤ በዚህ ስሌት ከሁለት ሸክላ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እንደሚመስለው ውድ አይደለም። አንድ ድስት ብቻ የመግዛት አቅም ላለው፣ በኤሌክትሪክ ለሚያበስል የከተማ ቤተሰብ የምመክረው ይህንን ነው። ኢንዳክሽን የሚባለው፣ ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያግለው ምድጃ ያላቸው ግን ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ መቀመጫው ማግኔቱን ካልያዘ ምድጃው አይሠራለትም፣ ሸክላና ተራ አሉሚኒየም ደግሞ ከነጭራሹ አይሆኑም። እጀታውንም ይዩ፦ መብራት ሲጠፋ ድስቱን ወደ ከሰል ማዞር የለመደ ቤት ፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀልጥበታል።

በውጭ መጻሕፍት ገጾች ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የሚያብረቀርቀው ከባድ የብረት ድስት ያማልላል፤ እኔም ተማልዬ ነው የተዋስኩት። ብረት በክብደቱ ከአሉሚኒየም ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው፤ ሙቀት ይዞ የመቆየት ችሎታው ግን ከክብደቱ የመጣ ነው። ቁሌቱ አማረ፤ ችግሩ የመጣው በርበሬ ሲገባ ነበር፣ እሳቱን ብቀንሰውም ድስቱ ግለቱን ስላልለቀቀ በርበሬው ሊያርር ትንሽ ቀረው። ሁለተኛ ጊዜ እሳቱን በርበሬው ከመግባቱ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ስቀንስ ተስተካከለ። ያልተለበጠው ብረት እንደ ሸክላ መሟሸት ይፈልጋል፣ ይዝጋል፣ ኮምጣጣም አይወድም፤ የተለበጠው ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፣ ዋጋው ግን የሌሎቹን ያስረሳል። እናቴ አንድ ጊዜ በሁለት እጇ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ «ይሄ ወጥ ሳይጨመርበት እንዲህ ከሆነ ዶሮ ሲገባበት ማን ያወርደዋል?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

መጠንን በተመለከተ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ከነእንቁላሉ የሚሠራበት ድስት ለሁለትና ለሦስት ኪሎ ሽንኩርት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ከ8 ሊትር በታች የሆነ ሲማሰል ይፈስሳል። ለሁለት ሰው የዕለት ሽሮ ግን ትንሽ ሸክላ ይበቃል።

በመጨረሻ ከውድድሩ ውጭ ያስቀመጥኩት በእንፋሎት የሚያበስለው፣ ፕሬሸር ኩከር የሚባለው ድስት ነው። ለቁሌት አይሆንም፤ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለከብት ሥጋ ግን በዚህች ከተማ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ያስፈልጋል፣ በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ሽምብራን ለማለስለስ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድበት። በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት እዚህ 116 አካባቢ ላይ ስለሚቆም፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ደቂቃ በሩብ ያህል ከፍ ያድርጉት። ጥራጥሬ ከግማሹ በላይ አይሙሉበት፤ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ሲገዙም ክዳኑን ራስዎ ገጥመው ይፍቱት፣ መተንፈሻውን ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ፣ የክዳኑ ጎማ ለብቻው ይገኝ እንደሆነም ሻጩን ይጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ የገዛሁት ድስት ጎማው በሁለተኛው ዓመት ተሰነጠቀና መለዋወጫ ስላጣሁለት አሁን ስንዴ ማስቀመጫ ሆኗል።