ለእናቴ ጉልበት ለደረሰችልን ፊዚዮቴራፒስት

ሰላም የደሴ ልጆች። ዛሬ አንዲት ባለሙያ ላመሰግን፣ ጉልበት የሚያማቸው ወላጆች ያሏችሁም እንድታውቋት ልጠቁም ነው። እዚሁ ደሴ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በሰውነት እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ናት። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ።

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ቆየ። የከተማችንን ዳገትና ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ተሸክማ የምትመለስ ሴት ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለወጥ ጀመር። ከሁሉ የከበዳት ሱጁድ መውረድ አለመቻሏ ነበር። ወንበር ላይ ሆና ስትሰግድ እንባዋ ይመጣል።

ራጅ ተነሳች። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልም አጥንት ሳስቷል፣ ጉልበቷ በኦፕራሲዮን መቀየር አለበት ተባለ። አንዱ አዲስ አበባ ሲለን ሌላው ህንድ አለን። የሚቀየረው መገጣጠሚያ ከብረትና ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። መሬት እንሽጥ እስከማለት ደርሰን ነበር። አንድ ቦታ ደግሞ ቀለል ያለ ነው ብለው በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ጉልበቱን ከውስጥ ማጠብ የሚባለውን ጠቆሙን።

ያረጋጋችን ይቺ ልጅ ናት። ራጁን ብቻ አይታ አልፈረደችም። እናቴን አስቀመጠቻት፣ አስነሳቻት፣ አራመደቻት። ከዚያ አስረዳችን። በካሜራ የሚደረገው እጥበት ለእንዲህ ያለ ጉልበት እንደማይፈይድ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ የተሰፋላቸውና የምር የታጠበላቸው ሰዎች ሕመም ልዩነት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች አይደረግ ብለው አጥብቀው መከሩ።

ቅየራው ግን ሌላ ነው አለችን። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ700 ሺህ በላይ ጉልበት ይቀየራል። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ደህና ሕክምና ነው፣ ጊዜው ሲደርስ። «እማማ አብሽሩ፣ እርስዎ ገና ነዎት። መጀመሪያ ጭንዎን እናጠንክረው።»

ጋቢ ጠቅልላ ከጉልበቷ ሥር አደረገችላት። «ወደ ታች ይጫኑት፣ ያዝ ያድርጉት፣ አሁን ይልቀቁ።» እጇን የእናቴ ጭን ላይ አሳርፋ ጡንቻው ሲጠብቅ በጣቷ ትፈትሻለች። ካልጠበቀ እንደገና። እናቴ ደክሞኛል ስትል አትቆጣም፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ትጠይቃትና ትቀጥላለች። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ከዘራን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ እጅ መያዝ፣ ሁሉንም ከሥሩ አስተማረቻት። ቡና የምታፈላበት አጭር በርጩማ በከፍ ያለ ወንበር ተቀየረ። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበት በየእርምጃው አራት ኪሎ ያህል እንደሚቀለው ስትነግራት እናቴ ስኳሩን በራሷ ፈቃድ ቀነሰች። እናቴ የደም ግፊት እያለባት ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ በየጊዜው ትውጥ እንደነበር ስትሰማ ባለሙያዋ ደነገጠች፣ ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል ብላ ያን ዕለት ወደ ሐኪም መለሰቻት።

ለእሷ የከፈልነው መሬት የሚያሸጥ አይደለም፣ ከወር ገቢ የሚወጣ ነው።

ከወራት በኋላ እናቴ ፒያሳ ወርዳ ትመለሳለች፣ ሌሊትም ትተኛለች። ሱጁዱ ገና ነው፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ መሞከር ጀምራለች።

ይበልጥ ያመንኳት በጎረቤታችን ነው። እሳቸውን አይታ ይሄ በስፖርት የሚመለስ አይደለም፣ አይዘግዩ ብላ ራሷ ወደ አጥንት ሐኪም ላከቻቸው። ደንበኛ ላለማጣት ብላ አላቆየቻቸውም።

እህቴ፣ አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ። እናቴ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ራጁንና የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ታየዋለች።